የእንድሪስ ደብተርና የወረኢሉ ሰርግ

ከደሴ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት በረንዳ፣ ሰርግን ከገበያ ያጣመረ አባባል ይነገራል። እንግዳ ሲሰማው ግራ ይገባዋል፤ "ሰርግና ገበያ ምን አገናኛቸው?" ይላል። ያገናኛቸው የእንድሪስ ሙሄ ደብተር ነው።

እንድሪስ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሱቅ የለውም፤ ሱቁ አሮጊቷ ቮልሱ ናት። መፍቻውን፣ የዘይት ጣሳውንና ያገለገሉ የስፌት መኪና ጥርሶችን ከፊት ጭኖ ሰኞ ባቲ ይወርዳል፤ በሌላው ቀን ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ከሚሴ ይላል። "ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ"፣ "መርፌ ይሰብራል" የሚለው ሰፊ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። ከሚያገኘው ግማሹን ነዳጅ ይጠጣበታል፤ በቀረው ባለቤቱን ዘምዘምንና ሦስት ልጆቹን ያሳድራል።

በዚያ ዓመት የግብር ቢሮው የቀን ገቢ ገማቾች በበረንዳው በኩል ሲያልፉ እንድሪስ ቮልሷን እያጠበ ነበር።

"መኪናዋ የማን ናት?"

"የእኔ።"

ጻፉና አለፉ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣለት የግብር ወረቀት ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ይላል። ዘምዘም ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ "በቃ ቮልሷ ትሸጥ" አለች።

"እሷ ከተሸጠች ግብሩን ከፍዬ ቤቴ ልቀመጥ ነው። መሣሪያዬን ተሸክሜ በእግሬ ባቲ ልውረድ?"

ያን ሰሞን እንድሪስ ወረቀቱን ለበረንዳው ሰዎች እያሳየ ምክር ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከበረንዳው ሰፊዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አያ አሊጋዝ ጠሩት። "አብሽር ልጄ" አሉት፤ "ቅሬታ ይሰማል አሉ። ለሥራ ብለህ የነዳኸው መንገድ ወጪ ከገቢህ ላይ ይቀነስልሃል፤ መንዳትህን ካሳየህ።"

"በምን አሳያለሁ፣ አያ?"

"ያቺ ቅባት የጠገበች ደብተርህስ?"

እንድሪስ ደብተሯን ለግብር ብሎ አልነበረም የያዛት። የቮልሷ ነዳጅ መለኪያ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ጊዜ ዳገት መሐል ነዳጅ አልቆባት ጥንድ በሬ ጎትቶ ካወጣት፣ ገበያተኛውም ከሳቀበት ወዲህ፣ ጉዞውን ሁሉ ይጽፋል፦ ቀኑን፣ የሄደበትን፣ የማንን የስፌት መኪና እንደጠገነ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ። የነዳጁንም ደረሰኝ እዚያው ገጽ መሐል ይሸጉጠዋል።

እንድሪስ ቅሬታውን አስገባ። በቀጠሮው ቀን ደብተሯን ይዞ ከአያ አሊጋዝ ጋር ግብር ቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ባለ ሚኒባሱ ጎረቤቱ ጓንጉልም ለራሱ ቅሬታ መጥቶ ኖሮ፣ ደብተሯን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቀ።

"ይኼ ምንድን ነው? 'ወረኢሉ፣ ለእህቴ ለዘይነባ ሰርግ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር።' አንተ ሰው፣ ትልቁን መንገድህን ለጭፈራ ሰጠኸው?"

"ሰርግ ሄጄ ነበራ።"

"ይኼን ካዩ 'ለሽርሽር የሚነዳ ሀብታም ነው' ብለው ይጨምሩብሃል። 'ለጥገና' ብለህ ደልዘው። ማን ወረኢሉ ድረስ ሄዶ ሊጠይቅ?"

እንድሪስ እስክሪብቶውን አወጣ። ያን ሁሉ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር የምታስቀንስለት ይህች አንዲት ቃል መሰለችው። አያ አሊጋዝን ቢያያቸው አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል ከውስጥ ስሙ ተጠራ። ሳይጽፍ ተነሣ። ከልቡ ይሁን ጊዜ አጥሮት፣ እሱም እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ቅሬታ የምታየው ባለሙያ መቅደላዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ፊቷ ግን ድካም የተጫነው ነው። ገጹን አንድ በአንድ እያየች ማስሊያ ትነካለች፤ ደረሰኙን ከጽሑፉ ጋር ታመሳክራለች። እንድሪስ በዓይኑ ጣቷን ይከተላል። ጣቷ ወረኢሉ ላይ ቆመ።

"ከሁሉም ረጅሙ ጉዞ ይኼ ነው። እዚህ የማንን የስፌት መኪና ነው የጠገኑት?"

ጽሑፉን አንብባ ይሁን ሳታነብ አልገባውም። 'ለጥገና ነበር' የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። ግን የዘይነባ የሰርግ ቀን ፊቷ ድቅን አለበት፤ ያን ቀን ሥራ ነበር ማለት እህቱን ከሰርጓ ማስወጣት ሆነበት።

"የማንንም አልጠገንኩም፣ የኔ እመቤት። እህቴን ልድር ሄጄ ነው። ለሥራ አይደለም፤ እሱን ሰርዢው" አለ።

መቅደላዊት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች።

"ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ሰው አስተናገድኩ፤ የአንዳቸውም መኪና ሰርግ ሄዶ አያውቅም። ለቅሶም አልደረሰ። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበር አሉኝ።" እስክሪብቶዋን አንስታ ወረኢሉ ላይ መስመር አሰመረችበት። "ይኼ ይውጣ። የቀረውን ግን አመንኩዎት።"

እስከ ምሳ ሰዓት ስታሰላ ቆየች። የጠገነው ተቆጥሮ ገቢው ሲስተካከል፣ የነዳጁም ወጪ ሲቀነስ፣ ያ ሁሉ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሆኖ ወጣ። እንድሪስ ወረቀቱን ሦስቴ አነበበው። "ስህተት የለውም?" ብሎ ጠየቃት። "የለውም፤ ይሂዱ፣ ቤተሰብዎን ያሳርፉ" አለችው።

ወጥቶ የደጃፉ ደረጃ ላይ ዘፍ አለ። እንባውና ሳቁ አንድ ላይ መጡ። አያ አሊጋዝ ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ጓንጉል እየሮጠ መጣ።

"ተሳካ? ደለዝከው አይደል? ምን አልኩህ!"

"አልደለዝኩትም" አለ እንድሪስ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፤ "ሰርግ ነው አልኳት፤ እሱን ሰርዛ ሌላውን ሁሉ ተቀበለችኝ።"

ጓንጉል የራሱን ወረቀቶች እንደገና ያገላብጥ ጀመር። አያ አሊጋዝ እንድሪስን ክንዱን ይዘው አስነሡትና፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "የሰርግ መንገዱን ያልደበቀ፣ የገበያ መንገዱ ጸደቀ!"