ጨፌ ላይ የተኛው በሬ

ተረት ተረት!

«ጆሯችን እዚህ ነው፣ እማማ!»

በድሮ ዘመን፣ ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ ጨፌ የሚባለው ሜዳ በጎርፍ ተጥለቀለቀና ሰባት የቆርቆሮ ቤቶች ፈረሱ። አንዲት ሴት ሞተች። ሮዛ ትባል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። አንድ የጣሊያን ካፒቴን መጣና ሰባት የአገሩን ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ሊያሰፍር እንደሆነ ተናገረ። አስተርጓሚው አስረስ ይባላል። አርባ ቤት ያለው መንደራችን አፋፉ ላይ ነበር። ጨፌው ከሥሩ ነው። ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ወንዙ ይወጣበታል። ስለዚህ ከብት ይግጥበታል እንጂ ማንም ቤት አይሠራበትም።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደግሰው ፈራ። እውነቱን ብናገር አፋፉን ይወስዱብናል ብሎ አሰበ።

ካፒቴኑም በአስረስ በኩል ጠየቀው፦ እናንተ የቤት ቦታ የምትመርጡት እንዴት ነው?

ደግሰውም፦ በሬ እንለቃለን። በሬው የተኛበት እንሠራለን።

ይህ እውነት ነው። ግን በሬ የሚለቀቀው በዝናብ ነው። በዝናብ ደረቅ መሬት ይፈልጋል። በበጋ ግን የሚፈልገው እርጥብ ሣር ነው። ደግሰው ይህን አልተናገረም። በሬውን ለቀቀው። በሬውም ቁልቁል ወረደና ጨፌው ላይ ተኛ። ካፒቴኑ ሳቀና እዚያው ችካል አስተከለ።

የደግሰው ሚስት ውድነሽ ሰማች። ከዚያም፦ አንተ ሰው፣ በሬ የሚጠየቀው በጥር ነው እንዴ?

፦ ዝም በይ። ለምድርም ጆሮ አላት።

፦ ጆሮ ካላት አንተን ነው የምትታዘበው!

በግንቦት፣ ጨፌው ላይ ከሰፈሩት ጣሊያኖች አንዷ፣ ሮዛ፣ እርሾ ፍለጋ ወደ አፋፉ ወጣች። አማርኛ ትንሽ ለምዳለች።

፦ አያ ደግሰው፣ ክረምት ውኃ ቤት ይገባል?

ውድነሽ ባሏን አየችው። እሱ አርባውን ጣሪያ አየ።

፦ ክረምት የማያርሰው የት አለ፣ ልጄ? አላት።

አመሰገነችና እርሾዋን ይዛ ወረደች።

ሐምሌ አምስት ጠዋት ወንዙ ጮኸ። ደግሰው መጫኛ ነጠቀና ሮጠ። የመንደሩ ወንዶችም ተከተሉት። ሕፃናቱን በትከሻ፣ ትልልቆቹን በመጫኛ እየጎተቱ አወጡ። ሮዛ የመጨረሻዋ ነበረች። መጫኛውን ያዘች። ከዚያም ግድግዳው ወደቀባት።

ካፒቴኑ የተረፉትን ይዞ ወደ ከተማ ሄደ። አፋፉ ለመንደሩ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሰውን መረቀው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ በሬ አልጠመደም። በየዓመቱ ሐምሌ አምስት አገሩ ሁሉ የሐዋርያትን ጾም ሲፈታ እሱ አይፈታም ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረና ሞተ።

እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት አስረስ ለገበያ ሲያልፍ መንደሩ ገባ። ውድነሽም የበሬውን ነገር ነገረችው። አስረስም መለሰላት።

፦ እሜቴ፣ ካርታው የተሣለው በኅዳር ነው። ካፒቴኑ እዚህ ሳይመጣ ጨፌውን መርጦ ነበር። አፋፉ ለትራክተር አይመችም ብሎ ሰርዞታል። የቤት ቦታ አመራረጣችሁን የጠየቀው ለጨዋታ ነው። አፋፉን የፈለገ ሰው አልነበረም።

ተረቴን ይዛችሁ ግቡ። ለደረቀው አፌ ግን እፍኝ ቆሎ አቀብሉኝ።