ማህተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ

ተረት ተረት፤ የወረቀት በረት!

አንዲት መምህርት ነበረች፤ ስሟ የዝና። በአንድ ቆላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ጨፌ ዱማ የምትባል መንደር አለች። በመንደሪቱ አንድ ጉድጓድ አለ፤ ከዚያ ጉድጓድ እየጠጣ ያደገ ልጅ ሁሉ ጥርሱ ይበልዛል። የዝና ውሃውን መረመረች፣ የሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆችን ጥርስ አንድ በአንድ አየች፣ ያየችውንም ጽፋ ጨረሰች። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ "መጀመሪያ በዓለም አቀፍ መጽሔት ይውጣ፤ ያኔ ይሄን ዘግተን ሌላ እንቆፍራለን" ብለዋት ነበር። ስለዚህ የዝና ለጊዜው የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ጽሑፏን ለመጽሔቱ ልካ "ደርሶናል" መባል።

ላከች። መጽሔቱ በማግስቱ መለሰላት። "ጥናትዎ የተካሄደው በ2023 ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤዎ ግን የ2015 ነው። ስምንት ዓመት ያለፈበት ፈቃድ አንቀበልም።" የዝና ሳቀች። "የእኛ ኅዳር 2015 እኮ የእናንተ ኖቬምበር 2022 ነው" ብላ ስለ አሥራ ሦስት ወራችን ሳይቀር ሁለት ገጽ ጻፈችላቸው። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ "ደብዳቤውን በሠላሳ ቀን አስተካክለው ይላኩ፤ ካልሆነ ጽሑፉ ይሰረዛል።" ሳቋ ቆመ። መጽሔቱ ያለ ደብዳቤ አልቀበልም አለ፤ የዝናም ጽሑፏን ታቅፋ ቀረች።

ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። ወይዘሮ አሰገደች ማህተሙን በመሃረብ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል።

"እትዬ አሰገደች፣ እዚህች ጋ የፈረንጁ ቀን ትጨመርልኝ።"

"የኔ ልጅ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ላይ ነጥብ እንኳ አይጨመርም። አዲስ ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ አምጪና እመታልሻለሁ።"

ማህተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልታደስም አለ፣ መጽሔቱ ያለ ደብዳቤ አልቀበልም አለ፤ የዝናም ጽሑፏን ታቅፋ ቀረች።

ወደ ዲኑ ሄደች። ዲኑ ዶክተር መርዕድ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ብዕር እስኪያነሱ ድረስ ነው። ብዕሩን አነሱ፣ ደብዳቤውን አዩ፣ ብዕሩን መልሰው አስቀመጡ።

"አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም። ነገ ኦዲት ቢመጣስ? ፈቃዱን የሰጠውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አያይዢ።"

"ዶክተር፣ ለአንድ ቀን ማስተካከያ ቃለ ጉባኤ?"

"በተለይ ለአንድ ቀን!"

ብዕሩ ያለ ቃለ ጉባኤ አልፈርምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልታደስም አለ፣ መጽሔቱ ያለ ደብዳቤ አልቀበልም አለ፤ የዝናም ጽሑፏን ታቅፋ ቀረች።

ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ወደ አቶ ልሳኑ ሄደች።

"ሳይሰበሰቡ ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉ አቶ ልሳኑ። "ማንም አልመጣም፣ ሁሉም ተስማማ ልበል?"

"እንደዚያ ተጽፎ አያውቅም?"

"ያውቃል። የእሱ ማህደር ግን ለብቻው ነው።"

ይሁን ብላ አራቱን የኮሚቴ አባላት ከየቢሮአቸው ለቅማ አመጣች። አራቱም ሰብሳቢው ካልመጡ አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ ተበተኑ።

ኮሚቴው ያለ ሰብሳቢ አልቀመጥም አለ፣ ቃለ ጉባኤው ያለ ኮሚቴ አልጻፍም አለ፣ ብዕሩ ያለ ቃለ ጉባኤ አልፈርምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልታደስም አለ፣ መጽሔቱ ያለ ደብዳቤ አልቀበልም አለ፤ የዝናም ጽሑፏን ታቅፋ ቀረች።

ሰብሳቢው ፕሮፌሰር እንግዳሸት ናቸው። "ባለፈው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉሮሮዬ ደርቆ ሰበሰብኩ" አሏት። "ጠረጴዛው ላይ ውሃ ካልቀረበ እኔ የለሁበትም።" የግቢው ቧንቧ ደግሞ ከመጋቢት ወዲህ የሚተፋው አየር ብቻ ነው። ወደ ንብረት ክፍል ሮጠች። ከሠራተኛው ጀርባ የታሸገ ውሃ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

"ሞልቷል" አለ ሠራተኛው። "የመጠየቂያ ቅጹን ሞልተሽ ማህተም አስመትተሽ ነይ።"

ማህተም! ዞራ ዞራ እዚያው። ውሃው ያለ ማህተም አልወጣም አለ፣ ሰብሳቢው ያለ ውሃ አልመጣም አሉ፣ ኮሚቴው ያለ ሰብሳቢ አልቀመጥም አለ፣ ቃለ ጉባኤው ያለ ኮሚቴ አልጻፍም አለ፣ ብዕሩ ያለ ቃለ ጉባኤ አልፈርምም አለ፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አልመታም አለ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አልታደስም አለ፣ መጽሔቱ ያለ ደብዳቤ አልቀበልም አለ። ከሠላሳው ቀን የቀረው ሁለት ነበር።

የዝና ወጥታ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ከጨፌ ዱማ እናቶች አንዷ፣ ዱሬቲ፣ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ አየቻት።

"መምህርት፣ ይሄ ጉድጓድ መቼ ነው የሚዘጋው? ልጄ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀመረ እኮ።"

የዝና አፈረች። መልስ ፈለገች፤ ማህተም፣ ፊርማ፣ ቃለ ጉባኤ ብላ ልትነግራት አሰበችና እሷው ራሷ ጆሮዋን ቀፈፋት። ከዚያ ተናደደች።

"ዱሬቲ፣ እስኪ አንድ ጆግ ሙሉ ቅጂልኝ" አለቻት።

በማግስቱ ጆጉ የኮሚቴው ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አምስት ብርጭቆም ተደረደረ። ፕሮፌሰሩ ገቡ፣ ውሃውን አዩ፣ ፊታቸው በራ።

"ይኸውላችሁ! ሲፈለግ ይቻላል!" ብለው ሁለት ብርጭቆ አከታትለው ጠጡ። አፋቸውን ጠርገው "አጀንዳችን ምንድን ነው?" አሉ።

"የጨፌ ዱማ ጉድጓድ የልጆችን ጥርስ እንደሚያበልዝ የሚያሳይ ጥናት አለኝ፤ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ቀን እንዲስተካከል ነው" አለች የዝና።

"አሳሳቢ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ወስደን እናየዋለን። ለመሆኑ ይሄ ጥሩ ውሃ ከየት መጣ?"

"ከጨፌ ዱማ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

የቀሩት አራቱ ብርጭቆአቸውን በቀስታ ገፋ ገፋ አደረጉ። ፕሮፌሰሩ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ላይ አዞሩ።

"ስንት... ስንት ቢጠጣ ነው የሚያበልዘው?"

"ገጽ አራት ላይ አለ። ታትሞ ቢሆን አንብበውት ነበር።" ቀጥላም "አይስጉ፤ ሁለት ብርጭቆ ምንም አያደርግም። የሚጎዳው ዕለት ዕለት የሚጠጡትን ልጆች ነው" አለቻቸው። እሳቸው ግን መስማት ካቆሙ ቆይተዋል።

"ተወስኗል!" አሉ ፕሮፌሰሩ። ይህን ጊዜ ሰብሳቢው ኮሚቴውን አጣደፉት፣ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን አስጻፈው፣ ቃለ ጉባኤው ብዕሩን አስነሳው፣ ብዕሩ ፊርማውን ጣለው፣ ፊርማው ማህተሙን ከመሃረቡ ፈታው፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ ዷ! አለ፣ ደብዳቤው መጽሔቱ ዘንድ በረረ፣ መጽሔቱም "ደርሶናል" አለ። ሃያ ስምንት ቀን የፈጀው ነገር በአርባ ደቂቃ አለቀ።

ፕሮፌሰሩ በዚያ አላበቁም፤ ቢሮአቸውን ዘግተው ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ደወሉ። መጀመሪያ በመጽሔት ይውጣ ይሉ የነበሩት ኃላፊ መቆፈሪያ መኪናውን በሳምንቱ ላኩት፤ ጽሑፉ ግን ገና በገምጋሚዎች እጅ ነበር።

የዝና ደስ አላት። ወዲያውም እንባዋ መጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣው ማንም ያልሰማው ውሃ፣ አንድ ፕሮፌሰር ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡት አገር ሰማው።

ተረቴን ተረከቡኝ፤ ማህተም አለው ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።