ውሃ የቋጠረች ዶሮ

አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «በቀዳዳ የገባ ነፋስ ከጅብ ይብሳል» ይሉ ነበር። ሸዋንግዛው ይህንኑ ይዞ አደገ። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ለዶሮዎቹ ሳሳላቸውና የዶሮ ቤቱን መስኮት በጆንያ ጥርቅም አድርጎ ወተፈው። ሲሰነብት ሁለቱ ሞቱ። አንዷ ቀረች፤ እሷም ሆዷ እንደ ቅል ተነፋ፤ ሲነኩት ውሃው ይንቦጫቦጫል። ቆጥ መውጣት አቃታት።

«ጌታዬ፣ ቆጧ ላይ ስትወጣ ብቻ አሳየኝ» ብሎ ተንበረከከ።

ሚስቱ ዘነበች ከበር ሆና፣ «ሰውዬ፣ እኔ ስታመም እንዲህ ተንበርክከህ ታውቃለህ?» አለችው።

እሱ ወደ ዶሮዋ ዞሮ፣ «ዶሮ ሆይ፣ ቆጥ ውጪ» አለ።

«ሆዴ ከብዶኝ እንዴት ልውጣ?»

«ሆድ ሆይ፣ ውሃ ልቀቅ፤ ዶሮ ቆጥ ትውጣ።»

«ልብ ደሙን አልገፋ ብሎ ነው ውሃው እኔ ላይ የተኛ።»

ጆሮውን የዶሮዋ ደረት ላይ ለጠፈ። ልቧ እንደተባረረ ሰው ድው ድው ይላል። የሱም ልብ አብሮ መታ።

«ልብ ሆይ፣ ደም ግፋ፤ ሆድ ውሃ ይልቀቅ፤ ዶሮ ቆጥ ትውጣ።»

«ስገፋ ስገፋ ደከምኩ፤ ሳንባ አየር ነፈገኝ።»

«ሳንባ ሆይ፣ አየር ስጥ፤ ልብ ደም ይግፋ፤ ሆድ ውሃ ይልቀቅ፤ ዶሮ ቆጥ ትውጣ።»

«ከየት አምጥቼ? መስኮት አልከፈት አለ።»

«መስኮት ሆይ፣ ተከፈት፤ ሳንባ አየር ይስጥ፤ ልብ ደም ይግፋ፤ ሆድ ውሃ ይልቀቅ፤ ዶሮ ቆጥ ትውጣ።»

«አፌን ጆንያ ወትፎት!»

«ጆንያ ሆይ፣ ውረድ፤ መስኮት ይከፈት፤ ሳንባ አየር ይስጥ፤ ልብ ደም ይግፋ፤ ሆድ ውሃ ይልቀቅ፤ ዶሮ ቆጥ ትውጣ።»

ጆንያ ዝም። ጆንያ ምን ይበል?

ከደጅ ዝናብ የተጠለለ አንድ መንገደኛ ይሰማ ኖሮ አንገቱን አስግጎ፣ «ማን ነው የወተፈው?» አለ።

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ጆንያውን ምን ትለምነዋለህ?»

«ብርድ ቢገድልብኝስ?»

«መስኮቱ ከቆጡ በላይ አይደለም? ነፋሱ ከራሷ በላይ ያልፋል።»

ሸዋንግዛው አማተበ። ጆንያውን ሳበው። ጆንያ ወረደ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ሳንባ አየር ሰጠ፤ ልብ ደም ገፋ፤ ሆድም ቀስ በቀስ ውሃውን ለቀቀ። እሱ ግን ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር እየሮጠ ያያታል።

መንገደኛው ሰነባብቶ ሲመለስ ጎራ አለ። ዶሮዋ ክንፏን አርገፍግፋ፣ አንዴ ስታ፣ ቆጧ ላይ ወጣች። ሸዋንግዛው ትወድቅብኝ ይሆን ብሎ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። መንገደኛው ትከሻውን ነካ አድርጎ፣

«ወጣች እኮ፣ ወንድሜ። አሁን አንተም ተንፍስ» አለው።