ለበሽተኛ የተሰጠ ደጅ

«እማዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለትምህርት ቤት ብሎ ከጋሽ ወንዳፍራሽ የወሰደው መሬት እንዴት ነው የኛ የሆነው?» ብላ የውብዳር ጠየቀች።

በማግስቱ የአዲሱን ቤታቸውን መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች ሊመጡ ነበር። እናቷ አስካለ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትንከራተት ኖራ መሬቱ በዕጣ የደረሳት ሴት ናት። የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን አደረገችና፣ «ሕጉን እኔ አላውቀውም» አለች። «ግን ስሚኝ።»

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ቦታ ገዝቶ ትልቅ ቤት ሠራ። ቦታው ቀድሞ የአንድ ገበሬ ነበር። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሩቁ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ሰዎች ገበሬው ደጅ ያርፉ ነበር፤ ሚስቱም ውሃ ታቀርብላቸዋለች። ማዘጋጃ ቤቱ ጤና ጣቢያ ልሠራበት ነው ብሎ ቦታውን ሲወስድ ባልና ሚስቱ አልተከራከሩም። ቤታቸው ፈረሰ። ጤና ጣቢያው ግን ሳይሠራ ቀረ፤ ቦታው ሣር ሲበቅልበት ከርሞ ለባለጠጋው ተሸጠ። እሱም ነገሩን ያውቃል። «የገዛሁት ከመንግሥት ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» ይል ነበር።

ቤቱ ያለቀ ዕለት፣ ገና ዕቃ ሳይገባበት፣ ደጃፉ ላይ ቆመና ለጨዋታ ያህል «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ።

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለው ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ገብቶ ክፍሎቹን ሁሉ አየ። ማንም የለም። ዘበኛውን ጠርቶ፣ «ሚስትህን ማን ፈቅዶላት ነው የገባችው?» አለው።

«ጌታዬ፣ ሚስት ቢኖረኝ እዚህ ብርድ ላይ አድራለሁ?»

ቤተሰቡ ገባ። ድምፁ ግን አልቀረም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ሲጣሩ ከእናታቸው ቀድሞ የሚመልስላቸው እሱ ነው። ቁጣ የለበትም። እንግዳ ሲመጣለት ደስ የሚለው ሰው ድምፅ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። ባለጠጋው ቄስ አስጠርቶ ቤቱን ጠበል አስረጨ። ቄሱ ጸሎታቸውን ሲያሳርጉ ከጓዳ በኩል «አሜን» የሚል ተሰማ። እሳቸውም ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ተለወጠ። በገዛ ሳሎኑ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ኮቱን አያወልቅም። ወጥ ቢያንሰው ጨምሩልኝ አይልም። ሚስቱ አንድ ቀን፣ «እስኪ ተጫወት እንጂ፣ ምነው እንግዳ ሆንክ?» አለችውና፣ ከአፏ በወጣው ነገር ራሷ ደነገጠች።

በመጨረሻ ገበሬውን አፈላልጎ አገኘው፤ የሚሰማውን ድምፅ ነገረው።

«ሚስቴ ናት» አለ ሽማግሌው። «ቤቱን ሊያፈርሱ የመጡ ዕለት ምድጃችን አጠገብ ቆማ፣ ‹እዚህ ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ቤት ለእንግዳ› ብላ ነው የወጣችው። አሁንማ ሙት ዓመቷንም አውጥተናል።» ቀና ብሎ አየው። «እርስዎስ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ቦታውን ልመልስልዎት» አለ ባለጠጋው።

«እኔማ ለበሽተኛ ሰጥቼዋለሁ።»

ባለጠጋው ተመልሶ ቤተሰቡንና ዕቃውን አስወጣ። ሲሄድ ደጃፉ ላይ ዞረና ባርኔጣውን አንስቶ፣ ለባዶው ቤት «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በሩንም ክፍት ተወው። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ አሁንም ይጣራሉ። የሚሰሙትን ለማንም አይናገሩም፤ በሽተኛቸውን ይዘው ግን ይገባሉ።

አስካለ ወደ ልጇ ዞረች። «ያ ባለጠጋ እኛ ነን፣ የኔ ልጅ። ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተሙን መትቶ መሬቱን ሰጠን፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ ለምን ብለው እንደለቀቁት ግን አልነገረንም፤ እኛም እያወቅን አልጠየቅንም። ለሰው የተሰጠ ነገር እሰውየው እጅ እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለውን ይዘን፣ እንዳይደርስ እኛ ጋ ብናስቀረው፣ ያማረ ቤት ብንሠራበትም እንግዶች ነን።»

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች። ቆፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቃ አሰናበተች፤ የመሠረቱን ችካሎች አንድ በአንድ ነቅላ በሲባጎው አሰረቻቸው። ከዚያ ልጇን አስከትላ ጋሽ ወንዳፍራሽ የተከራዩዋት አንዲት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመች፤ አብረዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ትምህርት ቤቱ ይሠራ እንዲሉ ልትለምናቸው ነው።

«ቤቶች» አለች።

የሚመልስላትን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘች።