የዘጠና ስድስት ሰው እሺታ

አንድ ሰው ነበረ፤ መሬቱ ሰፊ፣ ጎተራው የማይጎድል ባለጠጋ ገበሬ። ትርሲት ልጄ፣ ጋዜጣው «ከተጠየቁት መቶ ሰዎች ዘጠናው ይደግፋሉ» ይላልና ልመነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

አንድ ዓመት የሰውየው ጤፍ አማረለት። ከወንዙ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ያለው ማሳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሰ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ደግሞ አለቀለት፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ለማሳጨድ ሰኞን ቀጠረና ደቦ ሊጠራ አሰበ። በዚያው ሳምንት አገር ላገር እየዞሩ የሚያጭዱ አርባ ሰዎች በደጁ አለፉ። «እንጨድልህ?» አሉት። እሱም «የደቦዬን ሰው ልወቅና መልስ እሰጣችኋለሁ፤ እስከ እሁድ ቆዩኝ» አላቸው።

እሁድ ዝክር ነበረው። ዳሱ ሞልቶ ሰው ሲበላ ሲጠጣ አሽከሩ ቅርጫት ይዞ በመካከል ገባ። በየተቀማጩ ፊት እየቆመ፣ «የጌታዬን ውለታ ረስቶ ከሰኞ ደቦ የሚቀር አለ?» ይላል። ባለጠጋውም ከኋላው ቆሟል። «ኧረ ወዲያ! ማን ይቀራል!» እያለ ሁሉም ለእሺታው ምልክት አንዳንድ ጠጠር ቅርጫቱ ውስጥ ጣለ። ሲቆጠር ዘጠና ስድስት ሆነ። እምቢ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ሚስቱ ግን አልተዋጠላትም። «እንጀራህን ጎርሶ፣ ጠላህን ጨብጦ እምቢ የሚልህ ማን አለ? እባክህ እዚህ ያልመጣውንም አስጠይቅ» አለችው።

«ዘጠና ስድስት ሰው ይዋሻል?» ብሎ ሳቀባት። ወጥቶም አርባዎቹን አጫጆች አሰናበታቸው። ማጭዳቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ።

ሰኞ ጠዋት በሬ ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ግን የለም። መጀመሪያ መንገድ ርቋቸው ነው አለ። ፀሐይ ሞቅ ሲል የመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቀረብ ብሎ ፊታቸውን ቢያይ አምስቱ በዝክሩ ያልነበሩ፣ ማንም ያልጠየቃቸው የቆላ ጎረቤቶቹ ሆኑ። እግዚኦ! ከዘጠና ስድስቱ የመጡት ሁለት ናቸው ማለት ነው።  የቀሩት የት እንዳሉ እንዲያይለት ሰው ቢልክ ሁሉም በየማሳቸው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጤፍ ያጭዳሉ፤ የእሱ ሲደርስ የእነሱም ደርሷላ!

ወንዝ ማዶ ቢልክ አርባዎቹን ሌላ ሰው ቀጥሯቸዋል። ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ማለት በሚገባው በኅዳር ወር፣ ደመና ተሰበሰበ። በረዶ ወረደ። ሰባቱ ሰዎች ከዳር ትንሽ እንዳጨዱ ያ ሁሉ ጤፍ ረግፎ ከጭቃ ጋር ተለወሰ። ሰውየው እዚያው በረዶው መካከል ቆሞ ያይ ነበር፤ ሚስቱ መጥታ እጁን ይዛ ነው ያስገባችው።

በማግስቱ ከዝክሩ እንግዶች አንዱን አግኝቶ፣ «ምን አደረግኩህና ዋሸኸኝ?» አለው።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ አልዋሸሁም» አለ እንግዳው ደንግጦ። «አሽከርዎ የጠየቀኝ ውለታዎን ረስቼ እንደሆነ ነው። እርስዎም ቆመው ያዩኛል። ታዲያ ረስቻለሁ ልበል? ሰኞ የት ትውላለህ ብሎ የጠየቀኝ ማን አለ?»

ይኸውልሽ ልጄ። ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም፤ እንዲያ ብዬሽ ብሄድ አሳሳትኩሽ ማለት ነው። ያ ባለጠጋ ከየመንደሩ፣ ከደጋውም ከቆላውም፣ ሃያ ሠላሳ ሰው በዕጣ ለይቶ፣ በማያውቁት መንገደኛ አፍ «ሰኞ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ቢያስጠይቅ ኖሮ ሐቁን በደረሰበት ነበር። በትክክልም ባይሆን ወደዚያው በቀረበ። ዘጠና ስድስት ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ከአንድ ዳስ ነው። አሽከሩም የጌታውን ፊት እያየ ነው የጠየቀው። ጋዜጣሽ ላይ ያለው ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ማን ከፍሎ እንዳስጠየቀ፣ እነማን እንደተጠየቁና እነማን እንደተዘለሉ፣ ጥያቄው በምን ቃል እንደቀረበና መቼ እንደሆነ ካልነገረሽ የዚያ ቅርጫት ጠጠር ነው። ሰውየው ዘጠና ስድስት ሰው የጠየቀ መሰለው እንጂ፣ ልጄ፣ የጠየቀው ራሱን ነበር፤ ዘጠና ስድስት ጊዜ። ራሱም እሺ አለው። አንቺም መስማት የምትፈልጊውን የሚነግርሽን ቁጥር ከሌላው ይልቅ አጥብቀሽ መርምሪው።