ያዮና ሞሚና፣ ስኩተሯና የተያዘው ጥላ

ተረት ተረት! የላም በረቱን ተዉትና «ጥላ ያለበት» በሉኝ፤ የዛሬው ተረቴ የበረሃ ነው። ጥላ እንደ ርስት በሚያዝበት በዚያ አገር ያዮ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከሞሚና ጋር ይኖር ነበር። አንዲት አሮጌ ቀይ ስኩተር ነበረቻቸው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ መለስ ሲል፣ ሞሚና ከኋላ ትፈናጠጥና ቀስ እያሉ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳሉ። ጉዳይ የላቸውም፣ ሽርሽር ነው። ቀስ ሲሉ ደግሞ አይጣል ነው! ሊያባርራቸው የተነሳ ውሻ እንኳ ይሰለቸውና ተመልሶ ይተኛል።

አንድ ቀን ግን ሞሚና እንደወትሮዋ አልነበረችም። አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውም እየደከመ መጥቶ፣ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ልትሆን ከተማ ልትሄድ ነው። ሐኪሙ «እንሞክራለን» አለ እንጂ «ትድኛለሽ» አላለም።

«ያዮ፣» አለችው፣ «ዛሬ ሳይመሽ ወንዙን ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያዮ እንባውን ዋጥ አድርጎ ወጣ። ስኩተሯን ላስነሳ ቢል፣ ለካ ፍየል ከሥሯ ተኝታለች፤ ጎማው ሥር ደግሞ ጠዋት የተወለደ ግልገል አለ። ተነሽልኝ አላት። ፍየሏ ልጄን ፀሐይ ይመታብኛል አለች፤ የግድግዳውን ጥላ አህያው ይዞታል፣ እሱ ይነሳና እኔም እነሳለሁ። እንግዲህ ሞሚና ወንዙን አታይም፣ ስኩተሯ ካልተነሳች፤ ስኩተሯ አትነሳም፣ ፍየሏ ካልተነሳች።

ያዮ ወደ አህያው ሄደ። አህያው ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ ከንጋት ጀምሮ ውሃ በጀሪካን ስሸከም ውያለሁ፣ ጀርባዬ ተልጧል፣ የግራሩን ጥላ ግመሏ ካለቀቀችልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አለ። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ማን ይፈርድበታል? እንግዲህ ሞሚና ወንዙን አታይም፣ ስኩተሯ ካልተነሳች፤ ስኩተሯ አትነሳም፣ ፍየሏ ካልተነሳች፤ ፍየሏ አትነሳም፣ አህያው ካልተነሳ።

ያዮ ወደ ግራሩ ሮጠ። ግመሏ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታመሰኳለች። እኔማ ብነሳ ደስ ባለኝ አለች፤ ግን አባ ሎይታ ጎኔን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ብነሳ በጀርባቸው ይወድቃሉ፣ ሽማግሌ ጥዬ ስሜ እንዲጠፋ ነው? እንግዲህ ሞሚና ወንዙን አታይም፣ ስኩተሯ ካልተነሳች፤ ስኩተሯ አትነሳም፣ ፍየሏ ካልተነሳች፤ ፍየሏ አትነሳም፣ አህያው ካልተነሳ፤ አህያው አይነሳም፣ ግመሏ ካልተነሳች። ፀሐይዋ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፣ ቁልቁል ጀምራለች።

ያዮ ግመሏን ዞሮ አባ ሎይታ ፊት ቆመ። አባ ሎይታ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ኩርፍ ብለዋል። በእነሱ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነጋገራል። ዳጉ ይሉታል። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው ሰላም እንኳ ሳይላቸው አቧራ አልብሷቸው አለፈ። ዳጉዬን ሳልቀበል አልነሳም ብለው ማሉ።

ስለዚህ ሞሚና ወንዙን አታይም፣ ስኩተሯ ካልተነሳች፤ ስኩተሯ አትነሳም፣ ፍየሏ ካልተነሳች፤ ፍየሏ አትነሳም፣ አህያው ካልተነሳ፤ አህያው አይነሳም፣ ግመሏ ካልተነሳች፤ ግመሏ አትነሳም፣ አባ ሎይታ ካልተነሱ።

ያዮ ደሙ ፈላ። ይህን ባለጌ ንገሩኝ፣ ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ አለ።

«ቀይ ስኩተር ያለው ሰው ነው» አሉ አባ ሎይታ።

ለካ ያ ሰው ራሱ ያዮ ኖሯል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ጠዋት ቤንዚን ሊቀዳ ሲሄድ ሽማግሌውን አይቷቸው ነበር። ቢቆም ምን ወሬ አለ ይሉታል፤ ወሬው ደግሞ ከአፉ የማይወጣ ነው። እዚያው አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ሞሚና ዓይኗ ሊጠፋ ነው፣ አባ። ነገ እወስዳታለሁ። ፈርቻለሁ።»

አባ ሎይታ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

«ይህን ብቻህን ተሸክመህ ነው በፊቴ ያለፍከው?»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያዮ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ካለቀሰ በኋላም ቀለል አለው።

አባ ሎይታ ተነሱ። አባ ሎይታ ሲነሱ ግመሏ ተነሳች፤ ግመሏ ስትነሳ አህያው ተነስቶ ግራሩ ሥር ገባ፤ አህያው ሲነሳ ፍየሏ ግልገሏን አስከትላ ግድግዳው ሥር ገባች፤ ፍየሏ ስትነሳ ስኩተሯም በሦስተኛው ርግጫ እየሳለች ተነሳች። ሞሚና ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ከኋላ ተፈናጠጠች።

«ቀስ በል፣» አለችው፣ «ሁሉንም ልየው።»

እሱም ከወትሮው ይልቅ ቀስ አለ። ዳጉ ግን ቀስ አይልም። አባ ሎይታ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ነገሩ፣ ያ ሰው ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው፣ ወሬው ስኩተሯን ቀድሞ ወንዙ ዳር ደረሰ። እዚያ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ሥሩ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። በዚያን ቀን ግን ሞሚና ስትደርስ ባዶውን ነበር። ሰዉ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የማን ቦታ ነው ብላ ጠየቀች።

«ያንቺ ነው» አሏት። «ቁጭ በይና እዪው።»

ቁጭ አለች። ያዮም አጠገቧ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እስክትገባ ድረስ ወንዙን አየችው።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በውሃ አርጥቡልኝ። ዓይኗስ ዳነ? የሰማ ካለ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ይበል። እኔም ዳጉዬን ሳልቀበል አልነሳም።