አበባ አዝናቢው መንገድ ዘጋ

ተረት ተረት ብያለሁ፣ ጆሮ ስጡኝ፤ የዛሬዋ ተረት የመናኸሪያ ናት።

እትዬ ዘርትሁን አንዲት ፎቶ ፈለጉ። ጠዋት ከልጃቸው ከትርንጎ ጋር የተነሷትን ነው። ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣለች፤ ሹፌሩም ሞተር አስነስቷል። እትዬ ዘርትሁን «እኔን ሳትይዝማ አትሄድም» አሉና መናኸሪያው በር ላይ ወዳለው ፎቶ ቤት ሮጡ።

«ማተሚያው አላትምም አለኝ፣ እትዬ» አላቸው ፎቶ አንሺው ስንታየሁ።

ማተሚያውን ጠየቁት። «እኔ ምን ላድርግ? ፕሮሰሰሩ ፎቶውን አልልክም አለኝ።»

የማሽኑን አሳቢ፣ ፕሮሰሰሩን ጠየቁት። «ማተሚያው አያትምም፣ እኔም አልልክም፤ መንገዱ አላሳልፍም አለኝ።»

ፎቶው ወደተቀመጠበት የሚሞሪ መደርደሪያ የሚያደርሰውን መንገድ ጠየቁት። «ማተሚያው አያትምም፣ ፕሮሰሰሩ አይልክም፣ እኔም አላሳልፍም፤ አበባ አዝናቢው ዘግቶኛል።»

አበባ አዝናቢው በሙሽሮች ፎቶ ላይ አበባ የሚያዘንብ፣ ስንታየሁ የሚኮራበት ፕሮግራም ነው። «ማተሚያው አያትምም፣ ፕሮሰሰሩ አይልክም፣ መንገዱ አያሳልፍም፣ እኔም አልለቅም» አለ ተኮፍሶ። «የአበባዬ ቁጥር ግማሹ በአንዱ መደርደሪያ፣ ግማሹ በሌላው ተቀምጧል። አንዲት አበባ ስጨምር ሁለቱንም ማንም እንዳይነካብኝ መንገዱን ለሁሉም እዘጋለሁ። የፕሮግራሞቹ ዘበኛ ዝም ካለ ማን ይናገረኛል?»

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ። እትዬ ዘርትሁን ፕሮግራሞቹን ሥርዓት ወደሚያስይዘው ዘበኛ፣ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዞሩ። «ማተሚያው አያትምም፣ ፕሮሰሰሩ አይልክም፣ መንገዱ አያሳልፍም፣ አበባ አዝናቢው አይለቅም፤ አንተስ አትቀጣም?»

«ሁለት መደርደሪያ አንፈራጥጦ የሚይዝ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የሚደውልልኝ ደወል ነበር። ታሰረ። ካልሰማሁ ማንን ልያዝ?»

«ማን አሰረው?»

«ስንታየሁ ነዋ። አበባዬን አዘገየብኝ ብሎ።»

እትዬ ዘርትሁን ዞረው አዩት። ስንታየሁ አንገቱን ደፋ። «እጄን በእጄ» አለ።

«በል ፍታው፣ ልጄ።»

ፈታው። ደወሉ ጮኸ፣ ዘበኛው ነቃ፣ አበባ አዝናቢውን በጆሮው ይዞ ወረፋ አስጠበቀው፤ መንገዱ አሳለፈ፣ ፕሮሰሰሩ ላከ፣ አንዲት አበባም ተራዋ ደርሶ አለፈች፣ ማተሚያው አተመ፣ እትዬ ዘርትሁን ሮጡ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አቀበሏት። ትርንጎ እንባዋ ሊወርድ ደርሶ ነበር፤ ፎቶውን አይታ ሳቀች። በእናቷ አፍንጫ ላይ አንዲት አበባ አርፋለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ እማዬ?»

«ወረፋዋን ጠብቃ የመጣች ናት፤ አብረሻት ሂጂ።»

ተረቴን መልሱ፣ የሰው መንገድ የዘጋችሁም ክፈቱ።